የዓባያ ሐይቅ ነባር ዓሦች ጥበቃ ከዳርቻው ይጀምራል

ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደው ዋና መንገድ በጋሞ ዞን የምዕራብ ዓባያ ወረዳን አቋርጦ ያልፋል። ከመንገዱ በስተምዕራብ የጋሞ ደጋማ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ደግሞ በስፋቱ ከኢትዮጵያ ሐይቆች ከጣና ቀጥሎ የሚጠቀሰው የዓባያ ሐይቅ ይገኛሉ። በተራራውና በውኃው መካከል የተዘረጋው ጠባብ ሜዳ ሙዝ፣ ማንጎና በቆሎ የሚመረትበት፣ ከደጋ የሚወርዱ ወንዞች የሚያቋርጡት፣ የወረዳው ዋና ከተማ ብርብርም የተመሠረተችበት ነው። ይህ ሜዳ ለነዋሪው የእህልና የገንዘብ ምንጭ የሆነውን ያህል፣ ዳርቻው ለሐይቁ ዓሦች መራቢያና ማደጊያ መሆኑ ግን በልማት ዕቅዶች ውስጥ እምብዛም ሲጠቀስ አይታይም።

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት ትኩረት እንዲሰጠው የሚያስገድዱ ምክንያቶች አሉ። በ2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ የተደረገው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከወተት፣ ከእንቁላል፣ ከዶሮና ከማር ጋር የዓሣ ምርትን ለማሳደግ የታለመ ነው። በየአካባቢው ኩሬ የሚቆፍሩና የዓሣ ጫጩት የሚጠይቁ አርሶ አደሮችና የወጣት ማኅበራት አሉ። የመስኖ ልማትም ወደ ሐይቁ የሚፈሱትን ወንዞች ይበልጥ እየተጠቀመ ነው። በሌላ በኩል እምቦጭ በዓባያ ሐይቅ ላይ ታይቷል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። የዓሣ ምርትን ለማሳደግ የሚደረገው ጥረት ለሐይቁ ነባር ዓሦች ሕልውና ደጋፊ የሚሆነው ወይስ እነርሱኑ የሚተካ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የዓሣ ሀብት ባለሙያ ብቻ አይደለም። የመስኖ ቦይ የሚቀይሰው መሐንዲስ፣ የመሬት አጠቃቀም የሚወስነው ጽሕፈት ቤት፣ የተፋሰስ ሥራ የሚመራው የቀበሌ አመራርና የዓሣ ጫጩት ስርጭትን የሚያፀድቀው ኃላፊ ሁሉ፣ ያወቁትም ያላወቁትም፣ በነባር ዓሦች ዕጣ ላይ ይወስናሉ።

የሐይቁ ነባር ሀብት

የዓባያ ሐይቅ 1 ሺህ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ጥልቀቱ በጣም ጥልቅ በሆነው ቦታ እንኳ 13 ሜትር አካባቢ ነው። ከሰሜን ብላቴ፣ ከምሥራቅ በኩል ጊዳቦና ገላና፣ ከምዕራብ ደግሞ ሐሬ፣ ባሶና ሌሎች ከጋሞ ደጋ የሚነሱ ወንዞች ይገቡበታል። በደቡብ በኩል የሚጎራበተው የጫሞ ሐይቅ ሲሆን፣ ሁለቱን የሚለየው የእግዜር ድልድይ በመባል የሚታወቀው ከፍታ ነው።

የሁለቱ ሐይቆች የዓሣ ሀብት ከሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተለየ ታሪክ አለው። በባቱ (ዝዋይ)፣ በላንጋኖም ሆነ በሐዋሳ ሐይቅ በተፈጥሮ የማይገኘው ናይል ፐርች በዓባያና በጫሞ ነባር ነው። ጥርሳሙ የነብር ዓሣ፣ ባግረስ፣ ሲኖዶንቲስና ሌቤዮም በእነዚሁ ሐይቆች ይገኛሉ። ከእነዚህ ጋር በሰፊው የሚታወቁት ቆሮሶ (ቲላፒያ)፣ አምባዛና የባርበስ ወገን የሆኑ ዓሦች ይኖራሉ። ይህ ስብጥር ከዓባይ ወንዝና ከቱርካና ሐይቅ ዓሦች ጋር ይመሳሰላል። የዚህም ምክንያት ከሺህ ዓመታት በፊት የዝናቡ መጠን ከአሁኑ እጅግ በላቀበት ዘመን፣ የዓባያ ውኃ ወደ ጫሞ፣ የጫሞም ትርፍ ውኃ በሰገን ወንዝ በኩል ወደ ጨው ባሕርና ወደ ቱርካና ይፈስ ስለነበር እንደሆነ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። በሌላ አነጋገር የዓባያ ዓሦች አንድ ጊዜ ከጠፉ ሐይቁ በራሱ ጊዜ ሊተካቸው አይችልም። ያመጣቸው የውኃ መንገድ ከተዘጋ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታልና።

ሐይቁ የሰዎችም መኖሪያ ነው። በጊዲቾ ደሴትና በምዕራቡ ዳርቻ የሚኖሩት የባይሶና የሐሮ ሕዝቦች ኑሮ ከጥንት ጀምሮ ከዓባያ ውኃ ጋር የተሳሰረ ሲሆን፣ በውኃ ዳር ከሚበቅል ቀላል እንጨት ታስሮ የሚሠራው ታንኳቸውም የዚሁ ትስስር ምልክት ነው። ዛሬ በማኅበር የተደራጁ አስጋሪዎች የሚያወጡት ዓሣ ለአርባ ምንጭና ለአካባቢው ከተሞች ገበያ ይቀርባል። ስለዚህ የነባር ዓሦች መመናመን የብዝኃ ሕይወት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገቢና የምግብ ጉዳይም ነው።

የመራቢያ ሥፍራ መጥበብ

ዓሣ በሐይቁ ውስጥ በሁሉም ቦታ እኩል አይኖርም፤ አይራባምም። ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ሴቷ የተዳቀለውን እንቁላል በአፏ ይዛ ታሳድጋለች። ጫጩቶቹም ከአዳኝ ዓሦች የሚሸሸጉት በዳርቻው ሣርና ቄጠማ መካከል ነው። አምባዛ የዝናብ ወቅት ሲገባ ውኃ ወደ ተኛበት ዳርቻ ወጥቶ በሣር መካከል እንቁላሉን ይጥላል። የባርበስ ወገን የሆኑት ደግሞ ወንዞች ሲሞሉ ወደ ላይ በመውጣት ጠጠራማ በሆነ፣ አየር በሚዘዋወርበት ወራጅ ውኃ ውስጥ ይራባሉ። በመሆኑም የሐይቁ የዓሣ ሀብት ለመቀጠሉ ዋስትና የሚሆኑት ሰፊው የመሐል ውኃ ሳይሆን ጠባቡ ዳርቻና የወንዞቹ መግቢያዎች ናቸው።

በምዕራብ ዓባያ በኩል ለከፍተኛ ጫና የተጋለጡትም እነዚሁ ሥፍራዎች ናቸው። የአርባ ምንጭ አካባቢ በአገሪቱ የሙዝ ገበያ ትልቅ ድርሻ ያለው ሲሆን፣ የምርቱ መሠረት ከደጋ የሚወርዱ ወንዞችን በመጥለፍ የሚካሄድ መስኖ ነው። መስኖው የብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ኑሮ የለወጠ በመሆኑ ጥቅሙ አያከራክርም። ይሁን እንጂ ወንዙ ሙሉ በሙሉ ሲጠለፍ ለመራባት ወደ ላይ የሚወጣው ዓሣ መንገዱ ይዘጋበታል። ከመጥለፊያው በታች የሚቀረው ውኃ አነስተኛ ከሆነ ደግሞ እንቁላል የተጣለበት ጠጠር ይደርቃል። ችግሩ ከአንድ ወረዳ በላይ ነው። በምሥራቅ በኩል በ2011 ዓ.ም የተመረቀው የጊዳቦ የመስኖ ግድብም የተሠራው ሐይቁን ከሚመግቡት ወንዞች በአንዱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጫና ከደጋው የሚመጣ ደለል ነው። የዓባያ ውኃ ቀይ ቡናማ መልክ ያለው በመሆኑ ከጫሞ የሚለየው ከጥንትም ጀምሮ ነው። በውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚኖረው ደቃቅ አፈር ብርሃን ወደ ታች እንዳይዘልቅ ስለሚከለክል፣ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑት ጥቃቅን ዕፅዋት እንደ ጫሞ በብዛት አይራቡም። ይህ ተፈጥሯዊ ሁኔታ ነው ተብሎ የሚታለፍ ግን አይደለም። ተዳፋት መሬት ሲታረስና የደን ሽፋን ሲሳሳ ወደ ሐይቁ የሚገባው አፈር ይጨምራል። ደለሉም የወንዝ መግቢያዎችን ይሞላል፤ ጠጠሩን ይሸፍናል፤ የቆሮሶን ጎጆ ይቀብራል። ከደጋው ወደ ሐይቁ ያለው ቁልቁለት አጭርና ጥልቅ በመሆኑ በላይኛው ተፋሰስ የሚፈጠር ስህተት ወደ ታች ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም።

ሦስተኛው የዳርቻው መታረስ ነው። ሐይቁ በሸሸ ጊዜ አርሶ አደሩ ተከትሎ ያርሳል። ውኃው ሲመለስ ደግሞ ማሳው ይጥለቀለቃል፤ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የነካው አፈርም ከውኃው ጋር ይቀላቀላል። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የታየው የውኃ ከፍታ መጨመር በዳርቻ ላይ የሚደረግ ልማት ምን ያህል አደጋ እንዳለው አሳይቷል። ስለሆነም በሐይቁና በማሳው መካከል ሣርና ዛፍ ያለበት ክልል መተው ዓሣውንም አርሶ አደሩንም የሚጠብቅ እርምጃ ነው።

ከዚህ ላይ ሕጋዊ ያልሆነ የማስገር ሥራ ሲጨመር ጉዳቱ ይባባሳል። ቀዳዳው ጠባብ የሆነ መረብ ያልደረሱ ዓሦችን ያወጣል። በወንዝ መግቢያ ላይ የሚዘረጋ መረብ ደግሞ ለመራባት የሚጓዘውን ዓሣ ከነእንቁላሉ ያስቀራል። ይህ ምን እንደሚያስከትል ከጣና ሐይቅ መማር ይቻላል። በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኙት የጣና የባርበስ ዝርያዎች በወንዝ መግቢያዎች ላይ በሚዘረጉ መረቦችና በብርብራ ፍሬ በሚፈጸም የመመረዝ ድርጊት ምክንያት፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 መካከል ባለው አሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ምርታቸው ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ጥናቶች አመልክተዋል። ጉዳቱ የደረሰው በሐይቁ ስፋት ሁሉ በተደረገ ማስገር ሳይሆን፣ በጥቂት ወንዞች መግቢያና በዓመቱ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በተፈጸመ ድርጊት መሆኑ ለዓባያም ትልቅ ትምህርት ነው።

ባዕድ ዝርያና የናይል ፐርች ትምህርት

የመኖሪያ ሥፍራ ሲጎዳና ምርት ሲቀንስ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው መፍትሔ ከሌላ ሥፍራ ዓሣ አምጥቶ መጨመር ነው። ሐሳቡ ሲታይ ቀላልና ፈጣን ይመስላል። የሚያስከትለውን ለማወቅ ግን የዓባያ ነባር ዓሣ የሆነው ናይል ፐርች ወደ ሌላ ሐይቅ በተወሰደ ጊዜ የሆነውን መመልከት ይበቃል።

ናይል ፐርች በቪክቶሪያ ሐይቅ ነባር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የንግድ ምርትን ለማሳደግ ሲባል ከሌላ ውኃ ተወስዶ ተለቀቀ። ለጥቂት አሥርት ዓመታት ቁጥሩ ዝቅተኛ ሆኖ ከቆየ በኋላ በ1980ዎቹ በድንገት ተባዛ። በዚያ ሐይቅ ብቻ ይገኙ ከነበሩት ወደ 500 የሚገመቱ ጥቃቅን የዓሣ ዝርያዎች መካከል ሁለት መቶ ያህሉ እንደጠፉ ይገመታል። ለጉዳቱ የሐይቁ በደለልና በፍሳሽ መበከልም አስተዋጽኦ ነበረው። እርግጥ ነው፣ ናይል ፐርች ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንዛኒያ የውጭ ምንዛሪና የሥራ ዕድል አስገኝቷል። ሆኖም ጥቅሙ ከነባሮቹ መጥፋት ጋር የመጣ ነው። የጠፋውንም ለመመለስ የሚያስችል መንገድ አልተገኘም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ናይል ፐርች ክፉ ዓሣ ነው የሚል አይደለም። በዓባያና በጫሞ ከሌሎቹ ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረ፣ አዳኙም ታዳኙም እርስ በርስ የተላመዱበት ዓሣ ነው። በእነዚህ ሐይቆች ጥበቃ የሚያሻው ራሱ ናይል ፐርች ሲሆን፣ በጫሞ ምርቱ በብርቱ ማስገር ምክንያት ባለፉት አሥርት ዓመታት በእጅጉ ቀንሷል። አንድ ዓሣ በተፈጠረበት ውኃ ሀብት ሆኖ ሳለ በሌላ ውኃ ጥፋት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ነባር» እና «ባዕድ» የሚሉት ቃላት የሚለኩት በአገር ወሰን ሳይሆን በውኃ አካል ነው። ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የሚመጣ ዓሣ ብቻ ሳይሆን፣ በበርሜል ተጭኖ ከአንዱ የኢትዮጵያ ሐይቅ ወደ ሌላው የሚወሰድ ዓሣም ባዕድ ሊሆን ይችላል። የጉምሩክ ኬላ የመጀመሪያውን ሊያስቆም ይችል ይሆናል። ሁለተኛውን የሚያስቆመው ግን የወረዳና የዞን ጽሕፈት ቤት ነው።

በኢትዮጵያ ከ150 በላይ ነባር የዓሣ ዝርያዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ከውጭ የገቡትም ወደ አሥር ይጠጋሉ። ከእነዚህ መካከል በስፋት የተሰራጨው ኮመን ካርፕ በጣሊያን ወረራ ዘመን በአባ ሳሙኤል ግድብ ከተለቀቀ ወዲህ ወደ ልዩ ልዩ ግድቦችና ሐይቆች ገብቷል። በባቱ ሐይቅ ቀድሞ የምርቱ ዋና መሠረት ነባሩ ቆሮሶ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ካርፕን ጨምሮ ወደ ሐይቁ የገቡ ዓሦች በአስጋሪው መረብ ውስጥ ሰፊ ድርሻ ይዘዋል፤ ቆሮሶም ቀንሷል። ለዚህ ለውጥ ከመጠን ያለፈ ማስገርና የዳርቻው መጎዳት ምክንያት መሆናቸው ባይካድም፣ ነባሩ ሲዳከም ቦታውን የሚይዘው ባዕዱ መሆኑን የባቱ ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። ካርፕ ምግቡን የሚፈልገው የውኃውን ወለል ጭቃ እየቆፈረ ነው። ቀድሞውንም ደለል ለበዛበት እንደ ዓባያ ላለ ሐይቅ እንዲህ ያለ ዓሣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ይልቅ የማይታየው አደጋ በተመሳሳይ ዝርያ ስም የሚመጣው ነው። ቆሮሶ በዓባያ ነባር በመሆኑ፣ ከሌላ ሥፍራ የመጣ የቆሮሶ ጫጩት በኩሬ ቢረባ ጉዳት የለውም ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በየሐይቁ የሚገኙ ቆሮሶዎች ለብዙ ዘመን ተለያይተው በመኖራቸው ከየሐይቃቸው ጠባይ ጋር የተስማማ የራሳቸው ዘር አላቸው። ለፈጣን ዕድገት ተመርጦ የተዳቀለ ዓሣ በጎርፍ ከኩሬ አምልጦ ወደ ሐይቁ ከገባ ከነባሩ ጋር ይዳቀላል። በዚህ ጊዜ የሚጠፋው ዓሣው ሳይሆን የዓሣው ዘር በመሆኑ ጉዳቱ በመረብ ላይ አይታይም። የምዕራብ ዓባያ ሜዳ ደግሞ ወንዞች በየክረምቱ ከዳር ዳር የሚሞሉበት ሥፍራ ነው።

ባዕድ ዝርያ ሲባል ዓሣ ብቻ አይደለም። መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአማዞን ተፋሰስ የሆነው እምቦጭ በኢትዮጵያ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ በ2011 ተገኝቷል። በዓባያ ሐይቅ ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናትም እምቦጭ በተስፋፋበት ዳርቻ የነባር የውኃ ዕፅዋት ስብጥር መቀነሱን አመልክቷል። አረሙ ውኃውን ሲሸፍን ብርሃን ይጋርዳል፤ ሲበሰብስም በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይቀንሳል። አምባዛ ከአየር መተንፈስ ስለሚችል እንዲህ ያለውን ሁኔታ ይቋቋማል። ብዙ ኦክስጅን የሚፈልገው ናይል ፐርች ግን አይቋቋምም። ቆሮሶም ጎጆ የሚሠራበትን ገላጣ ዳርቻ ያጣል። እዚህ ላይ የመኖሪያ ሥፍራ መጥፋትና የባዕድ ዝርያ መስፋፋት ሁለት የተለያዩ ችግሮች ሳይሆኑ አንዱ ለሌላው መንገድ የሚጠርጉ መሆናቸውን መረዳት ይቻላል።

የሕግ ማዕቀፍና የሥልጣን ክፍፍል

ኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ስምምነትን ያፀደቀችው በ1986 ዓ.ም ሲሆን፣ ስምምነቱ አባል አገሮች ነባር ዝርያዎችን ለአደጋ የሚያጋልጡ ባዕድ ዝርያዎች እንዳይገቡ የመከላከል፣ የገቡትንም የመቆጣጠር ግዴታ ይጥላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 በሞንትሪያል የፀደቀው የኩንሚንግ ሞንትሪያል የብዝኃ ሕይወት ማዕቀፍም የወራሪ ባዕድ ዝርያዎችን አዲስ መግባትና መስፋፋት እስከ 2030 ቢያንስ በግማሽ የመቀነስ ግብ አስቀምጧል። በአገር ውስጥ ደግሞ በ1995 ዓ.ም የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ዓላማውን ሲገልጽ ምርትን ከማሳደግ ጎን ለጎን የዓሣ ብዝኃ ሕይወትንና አካባቢውን መጠበቅን አስፍሯል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299ም ፕሮጀክቶች ከመተግበራቸው በፊት የሚያስከትሉት ተፅዕኖ እንዲታወቅ ይደነግጋል። ስለሆነም የሕግ መሠረት የለም ሊባል አይችልም።

ክፍተቱ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። የዓባያ ሐይቅ አንድ ውኃ ቢሆንም ዳርቻው የተለያዩ አስተዳደሮች ነው። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም፣ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ደግሞ በ2015 ዓ.ም ከተመሠረቱ ወዲህ ሐይቁ የደቡብ ኢትዮጵያ፣ የሲዳማና የኦሮሚያ ክልሎች የጋራ ሀብት ሆኗል። ዓሣው ወሰን አያውቅም። በምዕራብ ዓባያ የማስገር ሥራ በመራቢያ ወቅት ቢታገድና በተቃራኒው ዳርቻ ግን ቢቀጥል፣ የታገሠው አስጋሪ ተጎጂ፣ ያልታገሠው ተጠቃሚ ይሆናል። በአንዱ ክልል የተለቀቀ ባዕድ ዓሣም የሌሎቹን ፈቃድ ሳይጠይቅ ይደርሳቸዋል።

በአንድ አስተዳደር ውስጥም ቢሆን ኃላፊነቱ የተከፋፈለ ነው። ዓሣው የግብርና፣ ውኃው የውኃና የመስኖ፣ አረሙና ብክለቱ የአካባቢ ጥበቃ፣ ዳርቻው የመሬት አስተዳደር፣ ማኅበራቱ ደግሞ የኅብረት ሥራ ጉዳይ ተደርገው ይታያሉ። እያንዳንዱ የድርሻውን በሚገባ ቢሠራ እንኳ፣ ወንዙ ከመጥለፊያው በታች ስንት ውኃ ይቅርለት የሚለውን ጥያቄ የሚያነሳ አካል ላይኖር ይችላል።

በሪፖርት የማይታየው ኪሳራ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሥራ አፈጻጸም የሚለካው በሚቆጠር ውጤት ነው። የለማ መሬት በሔክታር፣ የተመረተ ዓሣ በኩንታል፣ የተሰራጨ የዓሣ ጫጩት በቁጥር ይገለጻል። እነዚህ መለኪያዎች አስፈላጊ ቢሆኑም ነባር ዓሦችን በሚመለከት ግን አሳሳች ሊሆኑ ይችላሉ። ያልደረሱ ዓሦች በጠባብ መረብ በብዛት ሲያዙ የዓመቱ ምርት ዕድገት ያሳያል፤ ኪሳራው የሚታየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በአንድ ኩሬ የተለቀቁ ጫጩቶች ቁጥር እንደ ስኬት ሲመዘገብ፣ ጫጩቶቹ ከየትኛው ውኃ እንደመጡና ኩሬው ከጎርፍ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ የሚጠይቅ ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ከሌለ አደጋው ሳይታይ ያልፋል።

የአስጋሪዎችም ሁኔታ ሊዘነጋ አይገባም። በመራቢያ ወቅት ማስገርን ማገድ በጽሑፍ ቀላል ቢሆንም፣ ለዕለት ጉርሱ በመረቡ ለሚተማመን ቤተሰብ ግን የሁለት ወይም የሦስት ወር ገቢ ማለት ነው። አማራጭ ሳይዘጋጅ የሚወጣ ክልከላ ሰዎችን ወደ ሌሊት ማስገርና ወደ ጠባብ መረብ ይገፋል። ስለሆነም ጥበቃው የሚጸናው የሚከለከለው ወገን ጥቅሙን በዓይኑ ሲያይ ነው። ለዚህም በጋሞ ሕዝብ ዘንድ የጋራ ጉዳይ የሚመከርበት የዱቡሻ ሥርዓት ትልቅ አቅም ነው። በዱቡሻ ተመክሮበት የተወሰነ የማስገር ገደብ፣ በደብዳቤ ከሚተላለፍ መመሪያ የበለጠ ተቀባይነት ሊኖረው ይችላል።

ትኩረት የሚሹ ሥራዎች

ችግሩ ውስብስብ ቢሆንም መፍትሔው ሁሉ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። በቅድሚያ በምዕራብ ዓባያ ዳርቻ የሚገኙ የወንዝ መግቢያዎችና የመራቢያ ሥፍራዎች ከአስጋሪዎች ጋር በመሆን ተለይተው በካርታ ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። የት እንደሚራቡና መቼ እንደሚወጡ ከማንም በላይ የሚያውቁት አስጋሪዎቹ ናቸው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ፣ በአካባቢው የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከልና የሰበታው የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ይህን ዕውቀት በሳይንሳዊ መንገድ ማረጋገጥ ይችላሉ። ሥፍራዎቹ ከታወቁ ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። ጥቂት መግቢያዎችን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መጠበቅ በቂ ውጤት ያስገኛል፤ ለአስጋሪውም የሚቀልለው ይኸው ነው።

የመስኖ ፕሮጀክቶችን በሚመለከት፣ ዓሣ ለመራባት በሚወጣበት ወቅት ከመጥለፊያ በታች የተወሰነ ውኃ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ማድረግ በንድፍ ጊዜ ቢታሰብ ዋጋው አነስተኛ ነው። ግንባታው ካለቀ በኋላ ግን ለማስተካከል ያዳግታል። በዚህ ረገድ የአቢጃታ ሐይቅ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ከላይ የሚመጣው ውኃ ለመስኖ፣ የሐይቁ ውኃ ደግሞ ለሶዳ አሽ ምርት በመዋሉ ሐይቁ ሸሽቷል፤ ጨዋማነቱም ጨምሯል። ቀድሞ ቆሮሶ ይሰገርበት የነበረው ሐይቅም የዓሣ ምርቱን አጥቷል። በዚያ ሐይቅ ዓሣውን ያጠፋው ባዕድ ዝርያም መረብም ሳይሆን የውኃ ክፍፍል ነው።

የዓሣ እርባታን በተመለከተ የኩሬ ልማት መስፋፋቱ ሊደገፍ የሚገባው ነው። በኩሬ የሚመረት ዓሣ በሐይቁ ላይ ያለውን ጫና ሊቀንስ ይችላልና። ቁም ነገሩ በዓባያ ተፋሰስ ውስጥ የሚቆፈሩ ኩሬዎች ከዚያው ሐይቅ በተገኘ ዘር እንዲሞሉ፣ ከጎርፍ መስመር ርቀው እንዲሠሩ፣ ከሌላ ተፋሰስ የሚመጣ ሕያው ዓሣም ያለ ምርምር ተቋማት ምክር እንዳይሰራጭ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ከስርጭቱ በፊት የሚሞላ አንድ ቅጽና ቅጹን የሚመረምር አንድ ባለሙያ ነው።

እምቦጭን መከላከልም እንዲሁ በጊዜ የሚወሰን ሥራ ነው። ጥቂት ሲታይ በእጅ ተነቅሎ ሊወገድ የሚችለው አረም ሰፊ ዳርቻ ከሸፈነ በኋላ በብዙ ሺህ ሰዎች ዘመቻም ለማጥፋት እንደሚያዳግት ከጣና ታይቷል። ጀልባና መረብ ከአንድ ሐይቅ ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ ዘርና ቁርጥራጭ ይዘው እንዳይሄዱ ማጽዳት፣ ከሁሉም በላይ አረሙ ገና ወዳልተስፋፋበት ዳርቻ እንዳይሻገር ይረዳል። በ2011 ዓ.ም የተጀመረው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ደግሞ በጋሞ ደጋ ተዳፋቶች ላይ የሚተከሉትን ችግኞች ከሐይቁ ደለል ጋር አያይዞ ቢያቅድ፣ በአንድ ሥራ ሁለት ውጤት ይገኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ሦስቱ ክልሎች በአንድ የመራቢያ ወቅት፣ በአንድ የመረብ መለኪያና በአንድ የመረጃ አያያዝ ላይ ሊስማሙ ይገባል። በአንዱ ዳርቻ የሚመዘገበው የምርት መጠን ከሌላው ጋር ካልተደመረ፣ የዓባያ ዓሦች እየቀነሱ ወይም እየጨመሩ መሆናቸውን ማወቅ አይቻልም። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስን የሚያስተዳድረው የፌዴራል አካል ይህን የማስተባበር ሚና ሊወጣ ይችላል።

የዓባያ ነባር ዓሦች ምንም ሳይደረግላቸው ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖሩት የሚራቡበት ዳርቻ፣ የሚወጡበት ወንዝና የተላመዱት ጎረቤት ስለነበራቸው ነው። በምዕራብ ዓባያ የሚታቀደው እያንዳንዱ መስኖ፣ የሚሰጠው እያንዳንዱ የዳርቻ መሬትና የሚሰራጨው እያንዳንዱ የዓሣ ጫጩት ከሦስቱ አንዱን ይነካል። የዓሣ ምርትን የማሳደግ ዕቅድ ዘላቂ የሚሆነውም ዕቅዱን የሚያፀድቁት ኃላፊዎች ከሌላ ሥፍራ ሊመጣ ስለሚችለው ዓሣ ከመነጋገራቸው አስቀድመው በሐይቁ ውስጥ ያለውን ለማቆየት ሲወስኑ ነው።